የፈረማችሁትን ውል አንብቡት

ውድ ልጆቼ፣

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዛችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። አንዳንዶቻችሁ «የዩኒቨርሲቲን ወጪ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ይሸፍን» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «አገሪቱ ከየት አምጥታ? የተማረ ይክፈል» ትላላችሁ። መከራከራችሁን እወደዋለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ክፍል ነውና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ስትመዘገቡ ከፈረማችሁት ወረቀት አንዱ የወጪ መጋራት ውል ነው። ኮስት ሼሪንግ የምትሉት። አብዛኛው ተማሪ ሳያነበው ይፈርማል። ሥርዓቱ በ1995 ዓ.ም. ነው የወጣው። የምግብና የመኝታ ወጪን ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመራቂው ይመልሳል። ሥራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። ዕዳው እስኪዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪ የለም፤ በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማስረጃ ነው ሥራ የሚፈለገው። ስለዚህ «ተማሪው በነፃ ነው የሚማረው» ለሚላችሁ መልስ አላችሁ።

በመሠረቱ ይህን አሠራር እደግፈዋለሁ። ከደላንታ ወይም ከላስታ የመጣች ልጅ በር ላይ ብር ሳትጠየቅ ትገባለች። የምትከፍለው ስታገኝ ነው። የሚያስፈራኝ ክፍያው ወደ በሩ እንዳይመጣ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗል። ሌሎችም በዚያ መንገድ እንዲሄዱ ታስቧል። ዩኒቨርሲቲ ራሱን ቢያስተዳድር ጥሩ ነው። ግን ራስ ገዝነት ሲመጣ የመንግሥት ድጋፍ እየሳሳ፣ ጉድለቱ ወደ ተማሪ ኪስ እንዳይዞር ነቅታችሁ ጠብቁ። አዲስ አበባ ያለ ዩኒቨርሲቲ በማታ ትምህርት፣ በማማከር ሥራ፣ በአዳራሽ ኪራይ ገቢ ያገኛል። ቱሉ አውሊያ ላይ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ለማን ነው የሚያማክረው? አዳራሹን ማን ይከራየዋል? በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘረፉ ኮምፒውተሩም የላብራቶሪ ዕቃውም ሄደ። ያን ያህል ውድመት በተማሪ ክፍያ እተካለሁ የሚል ካለ ቁጥሩን አስልቶ ያሳየኝ።

«ይጨመርልን» ብቻ ማለት ግን አይበቃም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ገንዘቡ የሚመጣው ደግሞ በሒሳብ መደብ ተከፋፍሎ ስለሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዞር ፈቃድ ያስፈልጋል። በሠራሁበት ቦታ አንድ ዓመት የኬሚካል ግዢ ጨረታ ሲጓተት ከርሞ ከሸፈ። ሰኔ ሲደርስ ገንዘቡ እንዳይመለስ በሚል ጥድፊያ ዝውውር ተጠየቀ፤ የቢሮ ወንበር ተገዛ። ወንበሮቹ መጋዘን ውስጥ ከነፕላስቲካቸው ተደርድረው ከረሙ። ተማሪዎቹ በኬሚካሉ ሊሠሩት የነበረውን ሙከራ በሰሌዳ ላይ ሥዕል አይተው አለፉ። እስካሁን ያበሳጨኛል። የዚያ ዓመት በጀት በእጥፍ ቢጨመር ኖሮ በእጥፍ ወንበር ነበር የሚገዛው። በጀትን በመደብ ሳይከፋፍሉ በጥቅል መስጠት በ1995ቱ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ላይ ሳይቀር ያለ ሐሳብ ነው። እሱን ጠይቁ፤ አብራችሁም ጠበቅ ያለ ኦዲት ጠይቁ።

ምግቡንም እዩት። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው 22 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ሆኗል። የገበያውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ጭማሪውን አይቃወምም። ግን የምግብ ወጪ በውሉ መሠረት የእናንተ ዕዳ ነው። ካፌ የምትበሉም፣ ነን ካፌ ሆናችሁ ብሩን በእጃችሁ የምትቀበሉም፣ በስማችሁ ስንት እየተመዘገበ እንደሆነ በየዓመቱ ጠይቁ። እኛ ሰፈር ቅሬ (ዕድር) ላይ ሒሳብ ሲነበብ የጠየቀ ሰው አይነቀፍም። ዩኒቨርሲቲም እንደዚያ መሆን አለበት።

መንግሥት መክፈሉን እንዲቀጥል የምፈልግበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ፣ ነገሩን ተሸፍኖ እንዳይቀር ካደረጉት መካከል የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተው ግቢ ውስጥ አሳዩ። የሚማሩበት ገንዘብ ከገበሬው እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ከፋይ ደንበኛውን ብቻ የሚያይ ዩኒቨርሲቲ ወደ ራያና ወደ ዋግ ማንን ይልካል?

እና አብሽሩ፣ ክርክራችሁን አትተዉ። ግን የፈረማችሁትን ውል ኮፒ ከሬጅስትራር አውጡና በእርጋታ አንብቡት። የፌዴራል በጀት አዋጅ በየዓመቱ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። የየዩኒቨርሲቲው መደበኛና ካፒታል በጀት እዚያ ላይ ለየብቻ ተጽፏል። የእናንተን ዩኒቨርሲቲ ፈልጉና ካለፈው ዓመት ጋር አስተያዩት። ያልገባችሁ መደብ ካለ ይዛችሁልኝ ኑ። ከሰዓት በኋላ ቤት አልጠፋም፤ ቁጭ ብለን በመስመር በመስመር እናየዋለን።

አባታችሁ
ከደሴ