ጥልቀት ሲጨምር ውሃው ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል?

የጠያቂያችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ወደ ታች በወረድን ቁጥር የውሃ ግፊት ይጨምራል። ታዲያ ውሃው አንድን ዕቃ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይልስ ለምን አይጨምርም? ከጨመረ ደግሞ ድንጋይ የሆነ ጥልቀት ላይ ደርሶ ለምን አይቆምም?»

አሪፍ ጥያቄ ነው። ፊዚክስ ሳስጠና ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች እንኳ እዚህ ጋ ሲደናገሩ አያለሁ። ቀመሩን በቃላቸው ይዘውታል። ግን ግፊትንና ወደ ላይ የሚያነሳውን ኃይል ለይተው አያዩትም።

ግፊት ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም ነው የሚመጣው። ከጎንና ከጎን ያለው እርስ በርሱ ይጣፋል። የታችኛው ግን ከላይኛው ትንሽ ይበልጣል፣ ምክንያቱም የዕቃው ታች ከላዩ ይልቅ ጥልቅ ቦታ ላይ ነው። ዕቃውን የሚያነሳው ይህ ልዩነት ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ውሃ ውስጥ አለ እንበል። የላይኛው ፊቱ 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆነ ውሃው በ98 ኒውተን ወደ ታች ይጫነዋል። የታችኛው ፊት 1.1 ሜትር ላይ ስለሆነ ወደ ላይ የሚገፋው 107.8 ኒውተን ነው። ልዩነቱ 9.8 ኒውተን። አሁን ኩቡን 50 ሜትር እናውርደው። ከላይ 4,900፣ ከታች 4,909.8። ልዩነቱ ያው 9.8! (የአየሩ ግፊት በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚደመር ትቼዋለሁ።) ይህ ደግሞ ኩቡ ቦታውን የወሰደበት የ1 ሊትር ውሃ ክብደት ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰበትም ይኸው ነው።

ተማሪዎቼ ቁጥሩን አይተውም ፊታቸው ካልፈታ ድንጋይ በባለ ስፕሪንግ ሚዛን ላይ አንጠልጥዬ ባልዲ ውስጥ አስገባለሁ። ድንጋዩ እየጠለቀ ሲሄድ ንባቡ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ከጠለቀ በኋላ ግን የፈለጋችሁትን ያህል አውርዱት፣ ንባቡ ንቅንቅ አይልም። ድንጋዩ የባልዲውን ታች እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ከነካ ሚዛኑ ይዋሻል።

ድንጋይ መሃል ላይ የማይቆመውም ለዚህ ነው። እንዲቆም የውሃው እፍግታ (የአንድ ሊትሩ ክብደት እንበለው) ከድንጋዩ ጋር እኩል መሆን አለበት። የብዙው ድንጋይ እፍግታ የውሃን 2.5 እጥፍ ገደማ ነው፣ የብረት ደግሞ 7.8 እጥፍ ያህል። ውሃ እንዲያ አይታመቅም። ውቅያኖስ ጥልቁ ውስጥ እንኳ የሚጨምረው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

አየር የያዘ ነገር ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፣ ያውም ጠያቂያችን ከጠበቁት በተቃራኒ። ፊኛ ነፍታችሁ 10 ሜትር ብታወርዱት ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ስለሚሆን መጠኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ፊኛው ቦታውን የሚወስድበት ውሃ ሲያንስ የሚያነሳው ኃይልም አብሮ ያንሳል። ትንፋሻቸውን ይዘው የሚጠልቁ ሰዎች ከተወሰነ ጥልቀት በኋላ እጅ እግራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ታች የሚሰምጡትም ሳንባቸው ውስጥ ያለው አየር ስለሚጨመቅ ነው።