ልጅ ሲከሰስ ማስረጃው ይቀላል? (ጥያቄና መልስ፣ የአሜሪካ የወጣት ጥፋተኞች ችሎት)

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ልጅ ሲከሰስ እንደ አዋቂ ብዙ ማስረጃ አይጠየቅም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይሄ እ.ኤ.አ. በ1970 ያለቀ ጉዳይ ነው። የዊንሺፕን ጉዳይ እዩ ብዬ ስንቴ ልናገር? አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከአንዲት ሴት ቦርሳ 112 ዶላር ሰርቋል ተባለ። የኒውዮርኩ ዳኛ ማስረጃው ጥፋቱን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ላያረጋግጥ እንደሚችል ራሳቸው አምነዋል፤ ግን የዚያን ጊዜው የኒውዮርክ ሕግ «ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃል» (ማለትም አድርጓል የሚለው አላደረገም ከሚለው ካመዘነ) ስለሚል ጥፋተኛ አሉት። እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ተይዞ ሊቆይ ይችል ነበር፣ 6 ዓመት ማለት ነው! የኒውዮርክ ክርክር «ልጁን ልንረዳው እንጂ ልንቀጣው አይደለም፣ ጉዳዩም ፍትሐ ብሔር ነው» የሚል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ስሙ ምንም ይባል ምን ነፃነቱን የሚያጣው ልጁ ነው። ስለዚህ ክሱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት።

ጥያቄ፦ የዘመዴን ልጅ ያለ ምንም ምስክር ማቆያ አስገቡት። ይቻላል?

መልስ፦ የትኛው ቀጠሮ እንደሆነ ጻፉ! የማቆያ ቀጠሮ ላይ ጥፋተኝነት አይወሰንም። የሚታየው ልጁን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት መኖሩና ቢለቀቅ የሚመጣው አደጋ ነው። ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ የሚባለው ዋናው ክስ ሲሰማ ነው። አመክሮ ጥሷል ሲባል ደግሞ ብዙ ቦታ ዝቅ ያለው፣ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃል።

ዳጊ፦ በልጅ ችሎት ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ከሌለ ይሄ ሁሉ ምን ይጠቅማል? ዳኛው በየቀኑ ያንኑ ፖሊስ እየሰማ እንዴት ይጠራጠራል?

ሜሪ፦ ጁሪማ መብት ነው እኮ።

ዳጊ፦ ለልጅ? የት አገር?

መልስ፦ ሕገ መንግሥታዊ መብት አይደለም፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የ1971ዱን የማኬይቨር ውሳኔ እዩ። በራሳቸው ሕግ የሚፈቅዱ ክፍለ ግዛቶች አሉ። በቃ፣ ወደ ማስረጃው።

ጥያቄ፦ ልጁ ቢያምን አይሻልም? ቶሎ ያልቃል።

መልስ፦ ቶሎማ ያልቃል! ካመነ ዐቃቤ ሕጉ ምንም ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ያ ሁሉ መብት በአንድ «አዎ» ሄደ ማለት ነው። ጠበቃ ሳታማክሩ «እመንና እንገላገል» አትበሉት። መክፈል ካልቻላችሁ መንግሥት ያቆምለታል፤ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1967ቱ የጎልት ውሳኔ ጀምሮ መብቱ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ምስክር ይበቃል?

መልስ፦ ዳኛው ካመኑት ይበቃል። ምስክሩ ግብረ አበር ከሆነ ግን አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ደጋፊ ማስረጃ ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ የኛም ልጅ ነገ ቀጠሮ አለው፣ ምን ያህል ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል?

መልስ፦ የምን ቀጠሮ?