ማዕዘኑ ከታወቀ ጥያቄው ለምን?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ፍኖተ ሰላም አጠገብ ነው። የ14 ዓመት ልጄን ጀርባ ሳሻት አንደኛው ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ አየሁና ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። ራጅ ተነሥታ የጀርባ አጥንቷ 32 ዲግሪ እንደተጣመመ፣ መንስኤው ግን እንደማይታወቅ ተነገረን። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ ሕመሟ፣ ስለ መልኳና ስለ ስሜቷ የሚጠይቅ፣ 22 ጥያቄዎች ያሉት ወረቀት ተሰጣት። ዓይን አፋር ስለሆነች እኔው ሞላሁላት። አጥንቱ ከተለካ ይህ ሁሉ ጥያቄ ምን ይጠቅማል? ጎረቤቶቼም «ውኃ ስላሸከምሻት ነው» እያሉኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሣዎት እሱ ነውና። በጉርምስና ዕድሜ የሚታየው፣ መንስኤው ያልታወቀ የአከርካሪ መጣመም እንስራ በማዘልም ሆነ ደብተር በማንገት አይመጣም። ከ100 ወጣቶች በ2 ወይም በ3 ላይ የሚታይ ሲሆን በቤተሰብ የመከሰት ዝንባሌም አለው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ልጅዎም ይህን ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ደስ ይለኛል።

32 ዲግሪ የተባለው ቁጥር ጆን ኮብ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ዘዴ የተገኘ ነው። በጥምዙ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ እጅግ ያዘነበሉትን አጥንቶች ተከትለው በራጁ ላይ የሚሰመሩ መስመሮች የሚፈጥሩት ማዕዘን ማለት ነው። 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን መጣመም ይባላል፤ ገና በማደግ ላይ ባለች ልጅ ከ25 እስከ 40 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ የደረትና የወገብ ድጋፍ ይታዘዛል፤ ወደ 50 ሲጠጋ ስለ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ይህ ሁሉ ግን የአጥንት ነገር ነው። እኩል 32 ዲግሪ ካላቸው ሁለት ልጆች አንዷ በሰንበት ትምህርት ቤት ከመዘምራን ፊት ቆማ ትዘምራለች፤ ሌላዋ የመዘምራኑ ልብስ ትከሻዋን እንዳያሳይባት ፈርታ መዝሙሩን ትታለች፣ በሙቀትም ቢሆን ጋቢዋን ከላይዋ አታወርድም። በማዕዘኑ መጠንና በኑሮ ጥራት መካከል ያለው ዝምድና ደካማ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል።

የተሰጣት ወረቀት በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የስኮሊዮሲስ (የአከርካሪ መጣመም) ምርምር ማኅበር ያዘጋጀው መጠይቅ ይመስላል። የዕለት ተግባርን፣ ሕመምን፣ ስለ ራስ መልክ ያለ ስሜትንና የአእምሮ ጤናን በአምስት አምስት ጥያቄ ይመዝናል፤ የቀሩት ሁለቱ በሕክምናው እርካታ እንዳለ ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 5 የተሻለው ነው፤ የየክፍሉም አማካይ ይወጣል። ዋና ጥቅሙ ልጅቷን ከሌሎች ማወዳደር ሳይሆን የዛሬዋን ልጅ ከቀድሞዋ ጋር ማነጻጸር ነው። ድጋፉ ቢታዘዝላት በቀን 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ ልትለብሰው ትችላለች፤ ማዕዘኑ ባለበት ሲቆም ሐኪሙ ደስ ይለዋል፣ ልጅቷ ግን በዚያው ጊዜ ከጓደኞቿ ርቃ ሊሆን ይችላል። ይህንን ራጅ አያነሣውም።

እርስዎ ስለሞሉበት ጉዳይ በግልጽ ልናገር። ከፍቅር የመጣ ቢሆንም መልሱን ይለውጠዋል። ጎጃም ውስጥ አንድን ልጅ «እንዴት ነሽ?» ቢሏት፣ ጎኗ እየወጋትም ቢሆን፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ በእናቷ ፊት ደግሞ ይብሳል፣ እናቷን ማስጨነቅ አትፈልግማ። ይህ ጨዋነት ለኑሮ መልካም ነው፤ ለመጠይቅ ግን እንቅፋት ነው። «ጀርባሽ እስከ ዕድሜ ልክሽ አሁን ባለበት ቅርጽ ቢቀር ምን ይሰማሻል?» የሚል ጥያቄ አለበት። ይህንን በልጅ ፋንታ ማን ይመልሳል?

በሚቀጥለው ቀጠሮ አዲስ ወረቀት ይጠይቁና ብቻዋን፣ እርስዎ ከክፍሉ ወጥተው ትሙላ። ያልገባት ቃል ካለ ባለሙያው ያንብብላት እንጂ መልሱን አይምረጥላት። ሌሊት የሚቀሰቅሳት ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ ካላት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷት። የመጀመሪያውን ወረቀት እርስዎ እንደሞሉት ለባለሙያው ይንገሩ፤ ያለዚያ የሚመጣው ውጤት ሁሉ ከእርስዎ ስጋት ጋር እንጂ ከእሷ ስሜት ጋር አይነጻጸርም።