«ዝንብ የምትበላ ሣር ደሞዝ ትከፍልሻለች?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አራት ኪሎ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ። ካናዳ፣ ሴንት ጆንስ የምትኖረው የአክስትሽ ልጅ ከኒውፋውንድላንድ ረግረግ የላከችልሽ ፎቶ ከዓይንሽ አልጠፋ ብሏል፤ ማንቆርቆሪያ የመሰለ ቅጠሏ ውስጥ ውሃ ይዛ ነፍሳት የምታሰጥመው ሳራሴንያ። እሷን ላጥና ስትዪ አባትሽ ከላይ ያለውን ጥያቄ ጠየቁሽ። ቶሮንቶ ያሉት አጎትሽ ደግሞ ነርሲንግ ከሆነ እከፍልልሻለሁ ብለዋል።

የአባትሽን ጥያቄ እንደ ፌዝ አትውሰጂው። በአንዲት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አራት ልጅ የሚያሳድጉ ሰው ናቸው፤ መልስ ይገባቸዋል። መልሱም ያለው እዚያው ረግረጉ ውስጥ ነው።

የኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ የሞተ ተክል ቶሎ አይበሰብስም፣ እላዩ ላይ ይከመራል እንጂ። ስፋግነም የተባለው ሞስ፣ መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍን ትንሽ ተክል፣ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል። ብዙው ረግረግ ከዝናብ በቀር ሌላ ምንጭ የለውም፤ ለተክል ምግብ የሆኑት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እጅግ ያጥሩታል። ሳራሴንያም፣ በሚያጣብቅ ቅጠሏ የምትይዘው ጎረቤቷ ድሮሴራም ነፍሳት የሚያጠምዱት ለዚህ ነው። ባቄላ ናይትሮጅኗን ሥሯ ላይ ካሉት ባክቴሪያዎች ታገኛለች፤ ገበሬው ለጤፉ ዩሪያ ይገዛለታል፤ ይቺ ከዝንብ ትወስዳለች። ችግራቸው አንድ ነው። «የማጠናው ተክል በድሃ አፈር ላይ እንዴት እንደሚኖር ነው» በያቸው። የማዳበሪያ ዋጋ ያስመረረው ዘመድ ገጠር ካላቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ነጋዴ ስለሆኑ ደግሞ ይህንንም ጨምሪላቸው፦ ተክሏ በ1865 እ.ኤ.አ. በኒውፋውንድላንድ ሳንቲም ላይ ተቀርጻለች፣ በ1954 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ አበባ ሆናለች።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ ሥራ አጥቼ የተቀመጥኩበት ወር ግን የለም። ናይትሮጅን መለካት የሚችል፣ ተክል አይቶ በስሙ የሚጠራ፣ ረግረግን በካርታ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው በግብርና ምርምርም፣ በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማም ይፈለጋል። ስለዚህ የመመረቂያ ጥናትሽን በረግረጋማ መሬት አፈር ላይ አድርጊው። ሳራሴንያን ይዘሽ ብቻ ብትወጪ አባትሽ እውነት አላቸው፤ ከእሷ ጋር የላብ ሙያ ይዘሽ ከወጣሽ ግን የሚቀጥርሽ አለ።

ካናዳ እስክትደርሺ መጠበቅም አያስፈልግሽም። ዩትሪኩላሪያ የተባለው ሥጋ በል ተክል እኛም አገር አለ። ሥር የለውም፤ ውሃ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ከረጢቶቹ ፀጉራቸው ሲነካ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥነው ነፍሳቱን ከነውሃው ይውጣሉ። የሚገርመኝ፣ የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት ብሔራዊ ሄርባሪየም አንቺው በምትማሪበት ግቢ ውስጥ ሆኖ በደብዳቤሽ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣሽውም። የሁለቱን አገሮች ተክሎች የሚዘረዝሩት ስምንቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ጥራዞች የተዘጋጁት በዚያና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነው። ሂጂና ናሙና ሲለጠፍ እንድታግዢ ጠይቂ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። የአጎትሽ ገንዘብ ውል ያለበት ገንዘብ ነው። ነርሲንግ የከበረ ሙያ ነው፤ በሽተኛ ግን ሥራዋን ሳትወድ የገባች ነርስ አይገባውም። «ተቀጥራ ታናናሾቿን ታስተምራለች» የሚለው የቤተሰብሽ ስሌትም ልክ አይደለም። ልጆቹን የወለዱት አባትሽ ናቸው፤ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ የቤቱ ጡረታ ልትሆን አትችልም። ከመጀመሪያ ደሞዝሽ ምን ያህል እንደምትሰጪ አሁኑኑ በቁጥር ተናገሪ፣ ከዚያ በላይ ቃል አትግቢ። ይህን መናገር ያስለቅሳል፤ አለመናገር ግን ዓመታት ይበላል።

የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ሳትመረቂ አትክፈዪበት። ነጥብሽ 3.1 መሆኑ አያስጨንቅሽ። ለማስተርስ ስትዘጋጂ ከማመልከቻው በፊት እዚያ ጥናትሽን ሊመራልሽ ለሚችል መምህር በቀጥታ ጻፊ፤ በምርምር ለሚሠራ ማስተርስ ድጎማ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በእሱ በኩል ነው።

የአባትሽ ሱቅ ከግቢው በር ሩቅ አይደለም ብለሻል። ወደ ሄርባሪየሙ ስትሄጂ እሳቸውንም ይዘሽ ሂጂ።