ቦርሳችሁን አውርዳችሁ ቁጭ በሉ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን ልጅ ከዘጠኝ ወር ጉዞ ተመልሶ ሊጠይቀኝ መጣ። "ጋሼ፣ መሄዱ አልከበደኝም፤ መመለሱ ነው ያቃተኝ" አለኝ። ቡናው እስኪፈላ ያወራነውን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ደሴ ላይ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ አረጀሁ፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። በ1987 ዓ.ም. ግን የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ፣ አንድ ቦርሳ አንግቼ በሞያሌ ወጣሁ። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ዛምቢያ። ሰባት ወር። ያኔ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ አስፋልት አልነበረም። ከብት የጫነ መኪና ብረት ላይ ተንጠልጥለን ነው የሄድነው። አንዱ በሬ ኮፍያዬን በላብኝ። ከዳሬሰላም ታንዛኒያን ከዛምቢያ በሚያገናኘው የታዛራ ባቡር 1,860 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ዛምቢያ ውስጥ ካፒሪ ምፖሺ ወረድኩ። ከዚያም ቪክቶሪያ ፏፏቴን አየሁ።

ስለ መንገዱ ይበቃል። እሱን ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ቤት ከተገባ በኋላ ስላለው ነው።

ማታ ነው የገባሁት። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ቦርሳዬን መሀል ቤት ዘርግፌ ስጦታ ማደል ጀመርኩ። ለአክስቴ ከዛንዚባር ካንጋ ገዝቼላት ነበር። ካንጋ ደማቅ ቀለም ያለው ስስ ጨርቅ ነው፤ ጥንድ ሆኖ ይሸጣል፣ በስዋሂሊ የተጻፈ አባባልም አለበት። ስሄድ "ለሻሽ የሚሆን ነገር እንዳትረሳ" ብላኝ ነበር። "ይሄ የእቴቴ ነው፤ ነገ እወስድላታለሁ" ብዬ ዘርግቼ አሳየሁ። ማንም "ያምራል" አላለም። እናቴ ከሰል ላራግብ ብላ ወጣች። እህቴ ጨርቁን ተቀብላኝ አጠፈችው። ጠርዙን ከጠርዙ እያስተካከለች፣ ቀስ ብላ፣ አራት ጊዜ። እኔ ስለ ባቡሩ ማውራቴን ቀጠልኩ።

ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኳ። ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌዎች ናቸው። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ሲመጣ ነገሩ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። እቴቴ ካረፈች አራት ወር አልፏት ነበር። ቢጽፉልኝስ በየት አድራሻ?

እናም ተመላሽ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ይህን ነው፦ የመጀመሪያውን ሳምንት ለቅሶ ድረሱበት። ቢዘገይም ይደረሳል። ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ ብላችሁ ጠይቁና በየቤቱ ግቡ። ስለ ራሳችሁ አታውሩ። እናንተ መንገድ ላይ ስትሆኑ እዚህ ያለውም ሰው ባለበት አልቆመም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ውጭ የነበረ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ተመልሶ፣ ኤርፖርት ውስጥ ወንበር ላይ አድሬ ወገቤ ተቆረጠ እያለ ያማርራል። የሚያዳምጡት ሰዎች ልጅ አዝለው በእግራቸው ተሰድደው፣ ሲመለሱ ቤታቸውን ባዶ ያገኙ ናቸው። ዝም አሉት። ጨዋነታቸው ነው።

እኔም ከእሱ አልሻልም ነበር። "እነሱ ጋ እኮ…" የምትል ቃል አፌ ላይ ተጣብቃ አልላቀቅ አለችኝ። አቦል ላይ ታንዛኒያ፣ ቶና ላይ ታንዛኒያ። በረካው ላይ አንዲት የሰፈር እናት "ኧረ አንተ ልጅ! እንግዲያስ ምን ልትሠራ መጣህ?" አሉኝ። ሰው "እንዴት ነበር?" ሲላችሁ ሰባት ወር ሙሉ እንድታወሩለት አይደለም። አንድ ወሬ ይበቃዋል፤ ያውም የተዋረዳችሁበትን። እናቴ ፏፏቴውን ረስታው ነው የሞተችው። በሬው የበላውን ኮፍያ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትተርክ ነበር።

ሥራ ስመለስ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው አለ። እኔን ሰገራ ምርመራ ላይ መደቡኝ። ከወር በፊት ፏፏቴ ሥር ቆሜ "ሕይወት ይሄ ነው" ያልኩ ሰው፣ በጠዋት የሰው ሰገራ በእንጨት እያማሰልኩ ነው። አኩርፌ ነበር። አሁን ሳስበው አለቃዬ ልክ ነበሩ፤ ሰባት ወር ሌላ ሰው ሥራዬን ሲሠራ ከርሟል። ገንዘብም ጨርሳችሁ አትምጡ። የሁለት የሦስት ወር መኖሪያ ከመነሳታችሁ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ። በዚያ ዕድሜ ለባጃጅ ከእናት ላይ መጠየቅ ያሳፍራል።

አሁን ሙያዬ ወደሆነው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። መንገድ ላይ የወባ መከላከያ ክኒን እውጥ ነበር። ቤቴ ስገባ "ደሴ ደጋ ነው፤ ምን ወባ አለ?" ብዬ ተውኩት። የተማርኩትን ረስቼ ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘኝ። የሰፈሩ ሰው ምች ነው አለ፣ ዳማከሴ ተጨመቀልኝ። በአምስተኛው ቀን እያንቀጠቀጠኝ ሥራ ገባሁ። ጣቴን ራሴ ወጋሁት። ደሙን ስላይድ በምንለው ቀጭን መስታወት ላይ አሰጣሁ፣ በጊምሳ ቀለም ቀባሁ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ መቶ እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ አየሁ። ቀይ የደም ሴሎቹ ውስጥ ትንንሽ ሐምራዊ ቀለበቶች ተቀምጠዋል፤ የወባ ተውሳክ ናቸው። ባለ ፈርጥ የጣት ቀለበት በሏቸው። እንዲህ አምሮ የወጣልኝ ስላይድ ከዚያ በፊት አልነበረም። ደሙ የራሴ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ነው ወንበር የያዝኩት።

መከላከያው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። አንዳንዱ ከተመለሳችሁ በኋላ 7 ቀን፣ አብዛኛው 4 ሳምንት ይወሰዳል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ካተኮሳችሁ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የት የት እንደነበራችሁ ተናገሩ። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ትኩሳት ሲያይ መጀመሪያ ተስቦ ነው የሚመስለው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም አትጣሉት፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ያ ልጅ ከሁሉ በላይ የከበደው ግን ሌላ ነው። "የት ልትሄድ ነው? ከማን ጋር? መች ትመለሳለህ?" መባሉ። ዘጠኝ ወር ማንም ሳይጠይቀው ውሎ ገብቷልና። እውነቱን ነው፤ እኔንም አፍኖኝ ነበር። መድኃኒቱን የነገረኝ የለም፤ በአጋጣሚ ነው ያገኘሁት። አንድ ሰኞ ቦርሳዬን አንግቼ በኮምቦልቻ አድርጌ ባቲ ወረድኩ። ገበያው መሀል ቆምኩ። ግመል የሚጎትት አፋር፣ ከየአቅጣጫው የወረደ ኦሮሞና አማራ፣ አቧራው፣ ሙቀቱ። የማሳይ ገበያ ለማየት ግማሽ ቀን በእግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ። ባቲን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በሃያ ስምንት ዓመቴ! አንዲት ሴትዮ ቦርሳዬን አይታ "ከየት አገር ነህ?" አለችኝ። "ከደሴ" ስላት ሳቀች።

ካንጋውን የአክስቴ ልጅ ወሰደችው። አንዱን ሻሽ አደረገችው፣ ሌላውን ቡና ስታፈላ ወገቧ ላይ ታስረዋለች። ቀለሙ ለቋል፣ ከጽሑፉም ጥቂት ፊደል ነው የቀረው። ምን እንደሚል እስከ ዛሬ ማንንም አልጠየቅሁም።