ትምህርት ቤት የማይዘጋበት ቀን

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ኦክላንድ ነው፤ ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት «የፍሬድ ኮሬማትሱ ቀን፣ ጃንዋሪ 30» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ሰውየውን አላውቀውም። ትምህርት ዝግ ነው ወይስ አለ? ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ካለብኝ አሁኑኑ ነው። ልጄ ደግሞ «ማሚ፣ ሰውየው እኮ ታስሮ ነበር» ይለኛል። ለታሰረ ሰው ነው እንዴ ቀን የሚሰጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ የቸኮልሽበትን ላስቀድም፤ ትምህርት አለ። ፈቃድሽን አታባክኚ። እንደ ማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ሥራ የሚዘጋባቸው በዓላት አሉ። ሌሎች ደግሞ ምንም ሳይዘጋ ተማሪዎች ስለ ጉዳዩ እንዲማሩ ብቻ ሕጉ የሰየማቸው ቀናት ናቸው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሃርቪ ሚልክ ቀንም የሮናልድ ሬገን ቀንም እንደዚያው ነው። የኮሬማትሱም ከእነዚህ ነው።

ልጅሽም ልክ ነው። ታስሯል፤ ቀኑ የተሰየመለትም በዚሁ የተነሳ ነው።

ኮሬማትሱ ያንቺው ከተማ ልጅ ነው። ኦክላንድ ተወለደ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1919 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ያዢልኝ)። ወላጆቹ ከጃፓን መጥተው አበባ እያበቀሉ ይሸጡ ነበር። እሱ ግን እዚሁ ስለተወለደ ዜጋ ነው። ጃፓን የአሜሪካን የጦር ወደብ ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 1942 ላይ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። በዚያ ሰበብ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ቤታቸውንና ሱቃቸውን ጥለው፣ በእጃቸው የቻሉትን ብቻ ይዘው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ። ሁለት ሦስተኛው የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ።

የኮሬማትሱ ቤተሰብም ሄደ። እሱ ግን አልሄድም አለ። 23 ዓመቱ ነው፣ በያጅ ነው፣ ጣሊያናዊት አሜሪካዊት ፍቅረኛ አለችው። ስሙን ቀየረ። ጃፓናዊ እንዳይመስል ብሎ ዓይኑ ላይ ቀዶ ጥገና ሁሉ አሠራ፣ ብዙም አልለወጠውም እንጂ። ሜይ 30 ሳን ሊያንድሮ መንገድ ላይ ተያዘ። የሲቪል ነፃነቶች ማኅበር የሰሜን ካሊፎርኒያ ኃላፊ ኧርነስት ቤሲግ እስር ቤት ድረስ መጥቶ «ጉዳይህን ይዘን እስከ ላይ እንሟገት?» ሲለው እሺ አለ።

ከዚያ የወሰዱት ታንፎራን ነው። በባርት ባቡር ስትሄጂ ሳን ብሩኖ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቦታ የፈረስ መወዳደሪያ ነበር፤ ሰዎቹን ያስገቧቸው የፈረስ ጋጣ ውስጥ ነው። ወለሉ አፈር፣ ፍራሹ ጭድ። ኮሬማትሱ እስር ቤቱ ከዚህ ይሻል እንደነበር ኋላ ላይ ተናግሯል። ቀጥሎ ዩታ በረሃ፣ ቶፓዝ የሚባል ካምፕ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ዲሴምበር 1944 በ6 ለ3 ተሸነፈ።

ወደ አርባ ዓመት ያህል ወንጀለኛ ተብሎ ኖረ። የመንግሥት ሥራ አያገኝም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፒተር አይረንስ የተባለ ምሁርና አይኮ ሄርዚግ ዮሺናጋ የተባለች ተመራማሪ መዝገብ ሲያገላብጡ፣ መንግሥት የራሱ ሰዎች ጃፓኖቹ አደጋ አይደሉም ብለው የጻፉትን ማስረጃ ከፍርድ ቤቱ መደበቁን ደረሱበት። ወጣት ጠበቆች ጉዳዩን አስከፈቱ። በመሃል ይቅርታ ይደረግልህ ሲባል እምቢ አለ፣ ይቅር ባይ መሆን ያለብንማ እኛ ነን ብሎ። ኖቬምበር 1983 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ዳኛ ማሪሊን ሆል ፓቴል ጥፋተኝነቱን ሰረዙለት። በ1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የነፃነት ሜዳሊያ አጠለቁለት። በ2005 አረፈ።

ልጅሽ ካንቺ ቀድሞ መስማቱ አይግረምሽ። የሰውየው የገዛ ልጁ ካረንም ታሪኩን የሰማችው ሁለተኛ ደረጃ እያለች ነው፣ ያውም ክፍል ውስጥ አንዲት ጓደኛዋ ስለ አንድ መጽሐፍ ስታቀርብ የራሳቸው የቤተሰብ ስም ሲጠራ! አባቷ ቤት ውስጥ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኛም ቤት እንዲህ ተደብቆ የሚኖር ታሪክ ስንት አለ፤ እሱን ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ የጃፓኖች ጉዳይ ለእኛ ለሐበሾች ምናችን ነው? እውነቱን ንገሩን። (አባት፣ ከሳን ሆዜ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ከፈለጉ እነሆ። በ2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የመግቢያ ክልከላ ሲያወጡ ከተጠቀሱት አገሮች ሶማሊያና ሱዳን ነበሩበት፤ በ2020 መጀመሪያ ደግሞ ለቋሚ ነዋሪነት የሚያበቃው ቪዛ ለኤርትራውያን ተዘጋ። ጎረቤትዎ ወይም አማችዎ ሊሆን ይችላል ሚስቱን ማምጣት ያቃተው። ክልከላው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ጁን 2018፣ ተቃዋሚዋ ዳኛ ሶቶማዮር የኮሬማትሱን ፍርድ አንስተው ሞገቱ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮበርትስ ያ ፍርድ በተሰጠበት ቀንም ስህተት ነበር ብለው ጻፉ። ከዚያስ? በ5 ለ4 ክልከላውን አጸኑት። እንግዲህ ይሄ ነገር ያለፈ ታሪክ ነው ወይ፣ እርስዎ ይፍረዱ።

ሰውየው ራሱ ደግሞ ጉዳዩን የጃፓኖች ብቻ አላደረገውም። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ሙስሊሞች ያለ ክስ ሲያዙ፣ ሰማንያ ዓመት አልፎት፣ ጓንታናሞ በሚባለው የአሜሪካ ጦር እስር ቤት ስለተያዙት እስረኞች ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የድጋፍ ጽሑፍ አስገብቷል።

ጥያቄ፦ እኛም ለመብታችን ለታገለ አንድ ሽማግሌ ቀን እንዲሰየምለት እንፈልጋለን። ከየት ነው የሚጀመረው? (የማኅበር ጸሐፊ፣ ከሎስ አንጀለስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምትፈልጉት የቱን እንደሆነ ወስኑ። ከንቲባው ፈርሞ የሚሰጣችሁ የክብር ወረቀት ቀላል ነው፤ ፎቶ ትነሣላችሁ፣ ግድግዳ ላይ ትሰቅላላችሁ፣ በዓመቱ ማንም አያስታውሰውም። ዕውቅና ለማግኘት ከሆነ ይበቃል። በየዓመቱ ይከበር ካላችሁ ግን የከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ወይም የስቴት ሕግ ያስፈልጋል። ምክር ቤቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ፌርፋክስ ላይ ያለውን ሰፈር በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ያለው እሱ ነው።

የኮሬማትሱን መንገድ ተመልከት። ደጋፊዎቹ በ2009 በስሙ ተቋም አቋቋሙ። ሁለት የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አባላት፣ ዋረን ፉሩታኒና ማርቲ ብሎክ፣ ረቂቁን አቀረቡ። ገዥው ሽዋርዜኔገር በሴፕቴምበር 2010 ፈረሙ፣ በ2011 ጃንዋሪ 30 ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ። ኋላም ሃዋይ በ2013፣ የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት ደግሞ በ2017 መጨረሻ ተከተሉ። እኔ ከሁሉ በላይ ብልጠት የምለው ስሙን ነው። «የሲቪል ነፃነቶችና የሕገ መንግሥት ቀን» የሚል ጨመሩበት። ሰውየውን የማያውቅ አስተማሪም የሚያስተምረው ነገር አገኘ። ሽማግሌያችሁንም ብቻቸውን አታቁሟቸው፤ የታገሉለትን ነገር ከስማቸው ጎን ጻፉ።

ቀኑን ቶሎ ምረጡ፣ ስብሰባ የሚያፈርሰው እሱ ነው። ልደታቸው ነው ወይስ የታሰሩበት? ልደቱ ጁላይ ላይ ከዋለ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጆቹ ዘንድ አይደርስም። ከዚያ የሚኖሩበትን ወረዳ የስቴት ተወካይ ቢሮ ደውሉ። ተወካዩን ባታገኙ እንኳ ሠራተኞቹ ሰው ያነጋግራሉ፤ ስትሄዱ የአንድ ገጽ ታሪክና የደጋፊ ማኅበራት ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሐበሻ ማኅበር ውጭ የሆነም ይኑርበት። ሳክራሜንቶ ያለው የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አዲስ ረቂቅ የሚቀበለው እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ከኦክቶበር ጀምራችሁ ካልተንቀሳቀሳችሁ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።