የሲዚየሙ ጨው ለምን ይዘቅጣል?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቂሊንጦ አካባቢ የምኖር የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የአልካሊ ብረቶች (እንደ ሊቲየም፣ ሶዲየምና ሲዚየም ያሉት) ጨዎች ሁሉ በውኃ እንደሚሟሙ ተምረናል። የካርቦሬን አሉታዊ አዮን ግን ከሊቲየምና ከሶዲየም ጋር ሲሆን በቀላሉ እንደሚሟሟ፣ ከሲዚየም ጋር ሲሆን ግን እንደሚዘቅጥ አነበብሁ። አሉታዊው አዮን አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልስ፦ የተማሩት ደንብ እንደ ክሎራይድና ናይትሬት ላሉ ትናንሽ አዮኖች በሚገባ ይሠራል፤ ያነሡት አዮን ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም። 11 የቦሮንና 1 የካርቦን አቶሞች ባለ 20 ገጽ በሆነ ቅርጽ 12 ማዕዘኖች ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሃይድሮጅን ይዘው የተቀመጡበት ግዙፍ አዮን ሲሆን፣ ያለው አንድ አሉታዊ ቻርጅ በመላ አካሉ ላይ ስለተሰራጨ የውኃ ሞለኪውሎችን አጥብቆ የሚስብበት ቦታ የለውም።

ስለዚህ ነገሩን የሚወስነው አብሮት ያለው ብረት ነው። የሊቲየም አዮን ሬዲየስ 76 ፒኮሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ በዙሪያው ያለውን ውኃ አጥብቆ ይይዛል፤ ያን ውኃ ጥሎ ወደ ክሪስታል መግባት ብዙ ኃይል ይጠይቀዋል። 167 ፒኮሜትር ገደማ የሆነው ሲዚየም ግን ውኃውን የያዘው በላላ ሁኔታ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ለውኃ ያላቸው ፍላጎት ደካማ ሲሆን ደግሞ ውኃውን ትተው እርስ በርስ በክሪስታል መደርደር ይቀላቸዋል። ባለሙያዎች ይህንኑ ባሕርይ ካርቦሬኑን ከሌሎች ነገሮች ለይተው ለማጥራት ይጠቀሙበታል፦ የካርቦሬኑን የትራይሜቲልአሞኒየም ጨው (በብረት ፈንታ ናይትሮጅን ያለበት አዎንታዊ አዮን የያዘውን) በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ካሟሙ በኋላ፣ የበሰበሰ ዓሣ የሚሸተውን አሚን (ከዚያ አዮን የሚወጣውን የናይትሮጅን ውህድ) አስወጥተው ሲዚየም ክሎራይድ ሲጨምሩበት ነጩ ጨው ይዘቅጣል።

ካርቦሬን በተማሪ ቤተ ሙከራ ስለማይገኝ፣ ተመሳሳዩን ነገር በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ መምህርዎን ሶዲየም ቴትራፌኒልቦሬት ይጠይቁ። የሶዲየሙ ጨው በውኃ ይሟሟል፤ ጥቂት የፖታሲየም ክሎራይድ ብጥብጥ ጠብ ሲደረግበት ግን ወዲያውኑ ነጭ ዝቃጭ ይታያል።

ከውኃ ውጭ ያለው ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም የውኃውን ደንብ እንዳለ ወደዚያ ሲወስዱት ነው። የዋልታነት ባሕርያቸው (ሞለኪውላቸው አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ የመያዙ ነገር) ዝቅተኛ በሆነ አሟሚዎች ውስጥ አዮኖቹ አይራራቁም፤ ሊቲየሙም ውኃ ስላጣ በቦሮን ላይ ወዳሉት ሃይድሮጅኖች ይጠጋል። በ12ቱም ማዕዘኖች ላይ በሃይድሮጅን ምትክ ሜቲል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) ሲገባ ደግሞ የሊቲየሙ ጨው ቤንዝን በተባለው ሃይድሮካርቦን ውስጥ እንኳ ይሟሟል።